የጭንጫው አፈር

ባለፈው ክረምት ለሥራ ጉዳይ ደባርቅ ደርሼ ነበር። ከመናኸሪያው ማዶ፣ ከአንዲት ጁስ ቤት ደጃፍ ላይ የልጣጭ ባልዲ ተቀምጦ ዝናብ ይወርድበታል። የማንጎ ልጣጭ፣ የፓፓያ ፍሬ፣ የጠቆረ ሙዝ፣ ሁሉም በውኃው ላይ ተንሳፍፎ። መንገደኛው አፍንጫውን በነጠላው፣ በጃኬቱ እየሸፈነ ያልፋል። እኔ ቆምኩ። ጣፋጭም ጎምዛዛም የሆነው፣ ያልጠራ ጠላ የሚመስለው ሽታ ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። አስተናጋጇ ልጅ ብቅ ብላ «ምን ልታዘዝ፣ እታለም?» ስትለኝ ጃንጥላዬን ዘርግቼ ሄድኩ። ያን ቀን ሙሉ ግን የአክስቴ የጥሩዓይኔ ክረምት ከአፍንጫዬ አልወጣም።

ያኔ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እናቴ ዳባት ላይ ሁለተኛ ባል አግብታለች። እንጀራ አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም ይላሉ የሚያውቁት፤ እኔን ግን ማዕድ ላይ ሲያየኝ እጁን ከገበታው ያነሳ ነበር። «የሰው ልጅ እያየሁ አይወርድልኝም» አለ አንድ ቀን፣ እኔ እየሰማሁ። ከዚያ በኋላ እናቴ ልብሴን በፌስታል ቋጥራ ደባርቅ፣ ታላቅ እህቷ ዘንድ ላከችኝ። እትዬ እያልኩ የምጠራት አክስቴ ጥሩዓይኔ ልጅ አልነበራትም።

ጎረቤታችን ወይዘሮ ስንዱ ከአጥሩ ወዲያ ቆማ ለሌላ ሴት «መካን ናት እኮ» ስትል ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር። ከጃናሞራ የሚመጡ ነጋዴዎች ስለ መካነ ብርሃን ሲያወሩ እሰማለሁና፣ አክስቴን የዚያ አገር ሰው ነች ያለቻት መሰለኝ። ሮጬ ገባሁና «እትዬ፣ አንቺ የመካነ ብርሃን ሰው ነሽ እንዴ? እኛ የዳባት አይደለንም?» አልኳት። ማን እንዳለ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ብርቱካን የምትወለውልበትን ጨርቅ ጨምቃ ጨምቃ ገመድ ላይ አሰጣችውና «አዎ፣ ከዚያ ነኝ» አለች። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ እንደዚያ እያልኩ ሰነበትኩ።

አክስቴ ገበያ ውስጥ ፍራፍሬ ትሸጥ ነበር። ደባርቅ ብርዳም ናት፤ ገብስና ድንች እንጂ ማንጎና ሙዝ አታውቅም። ፍራፍሬው ከቆላ በአይሱዙ ተጭኖ በጎንደር በኩል ነው የሚመጣው። በበጋ ወደ ተራራው፣ ወደ ሳንቃ በርና ወደ ጨነቅ የሚወጡ ቱሪስቶችን የሚያሳድሩ ሆቴሎች ይወስዱላት ነበር። ባሏ ጋሼ ሙሉጌታ ደግሞ የእነዚያኑ ቱሪስቶች ጓዝ በበቅሎ የሚጭን ሰው ነበር። በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ትኩሳት ያዘው። ጠዋት ጠዋት ብርድ ልብሱ ሲገለጥ ከደረቱ ላይ እንፋሎት ሲወጣ አይ ነበር። ብዙም ሳይሰነብት ሞተ።

ተዝካሩ በወጣ ቀን ዳሱ ውስጥ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ቤቱ የሙሉጌታ አባት ቤት ስለሆነ፣ ሙሉጌታም ልጅ ስላልተወ፣ ታላቅ ወንድሙ አያ ፈንታሁን ይረከበው ተባለ። እኔ አያ ፈንታሁንን እወደው ነበር። ረጅም፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ኪሱ ከረሜላ የማያጣ ሰው ነው። ልጅ ሲያገኝ ጎንበስ ብሎ ነው የሚያወራው። በዚያ ጉባኤ ላይም ያስመረቀው ነገር ተናገረ።

«ቤቱ ውስጥ እስከ መስቀል ትኑር። ባሏን ቀብራ በክረምት ወዴት ትሄዳለች? ከኋላ ያለውን ጭንጫ ደግሞ ለእሷ ሰጥቻለሁ። ዝናቡ ሲያባራ ጎጆ ትቀልስበት። የወንድሜን ሚስት ሜዳ ላይ አልጥልም።»

የሽማግሌዎቹ አለቃ መምሬ ዘለቀ መስቀላቸውን አንስተው «ይባርክህ፣ ዘርህን ያብዛው» አሉ። አክስቴ ተነስታ የፈንታሁንን ጉልበት ሳመች።

ጭንጫው ከቤቱ ጀርባ ያለ ቦታ ነው። የሙሉጌታ አባት ቤቱን ሲሠሩ አፈሩን ቆፍረው ቆፍረው ለግድግዳ ጭቃ አቡክተውታል ይባላል፤ የቀረው አለትና ጠጠር ነው። እሾህ እንኳ አይበቅልበትም። ዶሮ ገብታ ስትጭር ቆይታ ባዶ አፏን ትመለሳለች።

ሰኔ ሲጋመስ ቱሪስት ቀረ፤ ሆቴሎቹም መግዛት ተዉ። አይሱዙዎቹ በጭቃ እየተያዙ ዘግይተው ሲደርሱ፣ ፍራፍሬው ተጨፍልቆ፣ በሳጥኑ ውስጥ አልቦት ነበር የሚወርደው። አክስቴ ቁጭ ብላ ስትመርጥ የሚጣለው ከሚሸጠው በለጠ። ሌሎቹ ነጋዴዎች የተበላሸውን ወደ ገደል ይደፉታል። እሷ ግን አንድ ቀን የላሸቀውን ማንጎ በሣፋ ተሸክማ ቤት መጣችና «ማዳበሪያ እንሠራለን፣ ብርቄ» አለችኝ።

እኔ ማዳበሪያ ብዬ የማውቀው ጆንያውን ነው፣ እህል የሚሞላበትን። መርፌና ክር እስክታወጣ ቀኑን ሙሉ ጠበቅኩ። እሷ ዶማ ይዛ ወደ ጭንጫው ወጣች። በሬዲዮ የሰማችው ነገር ነበር፤ ጉድጓድ መቆፈር፣ ልጣጩን መጨመር፣ አፈር አልብሶ መተው። «አፈሩን ግድግዳው በልቶታል፤ እኛ ሌላ እንሠራለታለን» አለች።

ሬዲዮው ግን የደባርቅን ዝናብ አያውቅም። አለቱ ውኃ አያሳልፍም፤ ጉድጓዱ እንደ ገንዳ ሞላ። ማንጎው፣ ፓፓያው፣ ሙዙ ከላይ ሰፍፎ አረፋ ደፈቀ፤ ትል ይርመሰመስበት ጀመር። ሽታው ቤት ገብቶ ከምሳችን ጋር ይበላ ነበር። ወይዘሮ ስንዱ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ አጥሩን በዱላ መታች።

«አንቺ ጥሩዓይኔ! ሰው ሞቶብሽ ነው ወይስ ሰው ልትገድይ ነው? ልጆቼ እኮ አስመለሳቸው!»

«ይቅር በይኝ፣ እታለም። ዛሬውኑ አወጣዋለሁ።»

«ብታወጪውስ? አለት ላይ ምን ሊበቅል? የማይሰጥ ከማይሰጥ ጋር ቢታገል...» አለችና ቀሪውን ዋጠችው።

አክስቴ ቀሚሷን ታጥቃ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። እስከ ጉልበቷ ሰመጠች። እኔ ከላይ ቆሜ ባልዲውን እቀበላታለሁ። ስትዝቅ ቆይታ ዞር ብላ አስመለሳት፤ አፏን በክንዷ ጠረገችና እንደገና መዛቅ ጀመረች። ዝናቡ በጀርባችን ይወርዳል። ከተዝካሩ ወዲህ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ፊቷ በዝናብ ርሶ ስለነበር እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም።

ከዚያ በኋላ ጉድጓዱን ትታ ከመሬት በላይ ከመረችው። ከሥር ውኃው እንዲያልፍ ድንጋይና ጭራሮ ረበረበች፤ ዙሪያውን ቦይ ቀደደች። ልጣጭ፣ በላዩ የገብስ ገለባ፣ በላዩ ከዳቦ ቤት የለመንነው አመድ፣ የበቅሎ ፋንድያ፣ እንደገና ልጣጭ። ገለባ በክረምት ብርቅ ነው። ፍራሿን ተርትራ የውስጡን አወጣችና ጨመረችው፤ ከዚያ ወዲያ በባዶ ጠፍር አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው። ክምሩን የሙሉጌታን ሸራ አለበሰችው፣ ጨነቅ ላይ ከነበቅሎዎቹ ሲያድር የሚከናነበውን።

የእኔ ሥራ ልጣጭ መልቀም ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ጠዋት ቅርጫቴን አንግቼ ጁስ ቤቶቹንና ሆቴሎቹን እዞራለሁ። የአቮካዶ ፍሬ አልበሰብስም እንደሚል፣ የብርቱካን ልጣጭ ሲበዛ ክምሩን እንደሚያኮመጥጠው፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀላቅዬ ከመጣሁ ከአክስቴ ቁጣ እንደማልተርፍ ተማርኩ። የአንዱ ሆቴል ዘበኛ «ልጣጭ ለምንሽ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እትዬ መሬት ልትሠራበት ነው።»

«መሬት የሚሠራው እግዜር ነው ብለሽ ንገሪያት» አለና ከወጥ ቤቷ ሴት ጋር ተሳሳቁ። ልጣጩን ግን ሰጡኝ።

ጭማቂው በቅርጫቱ ቀዳዳ ጀርባዬ ላይ ይንቆረቆራል። የሰፈር ልጆች «ልጣጬ! ልጣጬ መጣች!» እያሉ አፍንጫቸውን ይዘው ይሮጣሉ። ቤት ስገባ አክስቴ በሞቀ ውኃ ታጥበኛለች፤ ሽታው ከጸጉሬ አይለቅም ነበር።

አንድ ማለዳ ጉም ሰፈሩን ሁሉ ውጦት ሳለ ወደ ጭንጫው ወጣሁ። ከሸራው ሥር እንፋሎት ይወጣል። ጋሼ ሙሉጌታ ሊሞት ሲል ደረቱ እንዲህ ነበር። እየጮኽኩ ተመለስኩ።

«እትዬ! መሬቱን አተኮሰው! ሊሞት ነው!»

በባዶ እግሯ ወጣች። ሸራውን ገለጥ አድርጋ እጇን እስከ ክርኗ ክምሩ ውስጥ ከተተች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። ከሐዘኑ በፊት እንኳ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

«ነይ፣ እጅሽን አምጪ።»

እጄን ይዛ አስገባችው። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ዝናብ፣ ውስጡ እንደ ተኛች ላም ሆድ ሞቅ ያለ ነበር።

«አየሽ? ይሄ የሞት ትኩሳት አይደለም። እየበሰለ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ክምሩን በመንሽ ካገላበጥን በኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠን እጃችንን እናሞቅበት ነበር። ሐሳቧን ሁሉ የነገረችኝ እዚያ ነው። ጎጆዋ የት እንደምትቆም፣ በሯ ወደየት እንደሚዞር፣ ጎመኑና ነጭ ሽንኩርቱ የት የት እንደሚተከል በእግሯ እየረገጠች ታሳየኛለች።

«እኔስ?» አልኳት አንድ ቀን። «መስከረም ላይ ወደ ዳባት ትመልሽኛለሽ?»

«ጎጆዬ ከቆመች የትም አትሄጂም። በገዛ ቤቴ ማን ይናገረኛል? ማዕዱም የእኔ፣ አንቺም የእኔ።»

ያቺን ቃል ለማንም ሳልነግር በሆዴ ይዣት ዞርኩ። ልጆቹ ልጣጬ ሲሉኝ እንኳ መሸሽ ተውኩ።

በነሐሴ አጋማሽ በረዶ ጣለ። ነፋሱ ሸራውን ገልብጦ ሊወስደው ሲል አክስቴ አንዱን ጫፍ ያዘች፣ እኔ ሌላውን። በረዶው ራሳችን ላይ ይቀጠቅጣል። «እንዳትለቂ!» ትለኛለች፤ እኔም እያለቀስኩ አልለቅም። የሐዘን ልብሷ፣ ጥቁሩ ቀሚሷ፣ በበረዶው ነጥቶ ነበር። ሲያባራ ሁለታችንም ጣቶቻችንን መዘርጋት አቅቶን እንደ ጨበጥን ቀረን። በጥርሷ ነበር ጣቶቼን ከሸራው ያላቀቀችው።

ነሐሴ ሲያልቅ መጥፎው ሽታ ጠፋ። መቼ እንደጠፋ ልብ አላልነውም። ልጣጩም ገለባውም የነበሩትን መሆን ትተው ጥቁር፣ የሚፈረፈር፣ ዝናብ የመታው ጫካ የሚሸት አፈር ሆኑ። በጳጉሜ አለቱ ላይ በተንነው። ጎርፍ እንዳይወስደው በጠርዙ ድንጋይ ካብን። በአዲስ ዓመት ማግሥት የጎመን ችግኙና ሽንኩርቱ ተተከለ። በደመራ ሰሞን ቅጠሉ መዳፍ ያህል ነበር። ወይዘሮ ስንዱ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ አየችና ተመልሳ ገባች።

በመስቀል ሰሞን አያ ፈንታሁን ቤቱን ሊረከብ ከሚስቱ ጋር መጣ። ለእኔ ከረሜላ ሰጠኝ። አክስቴ ዕቃዋን ጠቅልላ ጨርሳ ነበር። ሥራዋን እንዲያዩላት ደስ ብሏት ወደ ኋላ ወሰደቻቸው። ሚስቱ ጎንበስ ብላ አፈሩን ዘገነች፤ በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችው፤ አሸተተችው። ከዚያ ባሏን አየችው። እሱም አያት። እኔ ያደነቁልን መስሎኝ ከረሜላዬን በአፌ እያገላበጥኩ ፈገግ ብዬ ቆሜ ነበር።

በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ ተጠሩ።

«ያኔ ሐዘን ላይ ሆኜ የተናገርኩት ነገር ነበር» አለ ፈንታሁን በዚያ ለስላሳ ድምፁ። «ልጄ ሊያገባ ነው፤ ቤት መሥሪያና ጓሮ ይፈልጋል።»

«ጭንጫውን ለእኔ ሰጥተውኛል፣ አያ» አለች አክስቴ። «እነ መምሬ ሰምተዋል።»

«ጭንጫውን ሰጥቻለሁ፤ አልካድኩም።» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ ፈገግ አለ። «እስቲ ጭንጫውን አሳዩኝ። የታለ? እኔ የማየው የጎመን መሬት ነው። የጎመን መሬት ለማንም አልሰጠሁም።»

አንዱ ሽማግሌ ሳቀ። ቶሎ ብሎ በሳል ሸፈነው፤ ሁላችንም ግን ሰምተናል። መምሬ ዘለቀ መሬት መሬቱን እያዩ «ነገሩ ያስቸግራል፣ ልጄ» አሉ።

«እንዲያው ባላለማው ኖሮ የእኔ ነበር ማለት ነው?» አለች አክስቴ።

ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን እያነሱ ተነሱ።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ የቀሰቀሰኝ የብረት ከአለት ጋር መጋጨት ነው። ወጥቼ ሳይ አክስቴ ጎመኑን ከነሥሩ እየነቀለች ወደ ጎን ትከምረዋለች። «አፈሩን ሰብስቢ» አለችኝ። በሣፋ፣ በቅርጫት፣ በጆንያ ሞላን። መጥረጊያ አምጥታ የአለቱን ስንጥቅ ሳይቀር ጠረገች። የመስከረም ዝናብ ድንገት መጥቶ ወረደብን። አላቆመችም፤ እንዲያውም ዝናቡ የቀረውን አጠበላት። የእኔ ጣቶች ተልጠው ይደማሉ። አፈሩን ይዘን ሌላ ቦታ የምንሄድ መስሎኝ፣ አንድ ጭብጥ እንኳ እንዳይቀር እሯሯጥ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ አለቱ እንደ ተላጨ ራስ ነጥቶ ወጣ። ያን ጊዜ ፈንታሁንንና ሽማግሌዎቹን እንድጠራ ላከችኝ። ሲመጡ በጭቃ ተለውሳ አለቱ መሃል ቆማ ጠበቀቻቸው።

«ጭንጫው ይኸውልህ» አለች። አያ ፈንታሁንን አንተ ስትለው የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። «የታለ ብለህ ነበር፤ አገኘሁልህ። አሁን ቃልህን ፈጽም።»

ፈንታሁን ፈገግታው ጠፋ። «እልኸኛ!» አላት። «የሰጠሁት ለወንድሜ ሚስት ነው፤ ለምታላግጥብኝ ሴት አይደለም።»

መምሬ ዘለቀ መሃል ገቡ። «ልጄ፣ ነገር አታክርሪ። አፈሩን ወደ ነበረበት መልሺው። እሱም ጥግ ላይ ጎጆ ይፍቀድልሽና በጥላው ሥር ትኖሪያለሽ። ጓሮውን እያለማሽለት...»

«እያለማሁለት?»

«እንግዲህ ሌላ ምን አለሽ?»

አክስቴ ቀና ብላ አየቻቸው። «መምሬ፣ አንቱ የንስሐ አባቴ ነዎት። እሱ ቃሉን ሲሰጥ መስቀልዎን አንስተው መርቀውታል። ምነው ዛሬ መስቀሉ አልነሳ አለ?»

መስቀሉ በእጃቸው ነበር። ዝቅ ብለው አዩትና ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡት። ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ተከታትለው ወጡ።

ጆንያዎቹ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ተደርድረው ቀሩ። አክስቴ ወደ አጥሩ ሄዳ «አፈር የምትፈልጉ ኑ ውሰዱ!» ብላ ተጣራች። መጀመሪያ የመጣችው ወይዘሮ ስንዱ ናት፤ ልጆቿን ሁሉ አስከትላ። ሣፋዋን ስትሞላ «እግዜር ይስጥሽ፣ ለጌሾዬ ደህና ነው» አለች። ሌሎቹም መጡ። ወዴት ትሄጃለሽ ብላ የጠየቀቻት ግን አንዲትም አልነበረችም። ልጣጬ ይሉኝ የነበሩት ልጆች እኔ የለቀምኩትን በራሳቸው ተሸክመው በየቤታቸው ገቡ።

«እትዬ፣ ለእኛስ?» አልኳት።

«ለእኛ ምን?»

«አፈሩ ነዋ። ለእኛ አናስቀርም?»

«የት ልናደርገው?» አለችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ጎጆ እንደማይኖር፣ ማዕድም እንደማይኖር ያኔ ገባኝ።

ጎንደር ላይ ሰው ቤት የማብሰል ሥራ ተገኘላት። ልጅ ይዘሽ አትመጪም ተብላለች። ከደባርቅ የተነሳነው በአንድ ሚኒባስ ነው፤ እኔ ዳባት ልወርድ፣ እሷ ልትቀጥል። በመንገዱ ሁሉ ጥፍሯ ውስጥ የቀረውን ጥቁር አፈር በክብሪት እንጨት እያወጣች በመስኮቱ ትጥል ነበር።

ዳባት ስንደርስ እናቴ መንገዱ ዳር ቆማ ትጠብቃለች። ረዳቱ በሩን ከፍቶ እኔን ብቻዬን ሲያወርደኝ ጊዜ ግራ ገባውና ወደ አክስቴ ዞረ።

«እናት፣ አንቺ አትወርጂም? ልጅሽ አይደለችም እንዴ?»

አክስቴ ከጥፍሯ ቀና ሳትል «አይደለችም» አለችው። «የእህቴ ልጅ ናት።»

እውነቷን ነው የተናገረችው። እናቴ እጄን ይዛ ወደ ቤት ልትወስደኝ ትጎትተኛለች። እኔ ግን አክስቴ ቃሏን የምትለውጥ መስሎኝ፣ ሚኒባሱ ከኮረብታው ጀርባ እስኪሰወር ድረስ ከቆምኩበት አልነቃነቅ አልኩ።